በጠመኔ ያሰመርኩት ወሰን

ጂኦግራፊ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ የምጀምረው በአንድ ምዕራፍ ነው፤ የአገራችን አቀማመጥ፣ ሕዝቧ፣ ኢኮኖሚዋና የመንግሥት አወቃቀሯ። ተራራውንም ወንዙንም ቋንቋውንም በሦስት ሳምንት እንጨርሰዋለን። ተማሪዎቼ ይሸመድዱታል፣ ይፈተኑታል፣ ይረሱታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ ብዙ አልሻልም ነበር። ከድሬ ዳዋ ወጥቼ በዓይኔ ያየሁት ሐረርን፣ ጅጅጋንና አዲስ አበባን ብቻ ነው። የቀረውን አገር የማውቀው ከመጽሐፍ ነው።

ርዕሰ መምህራችን አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጠበቀኝ። ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው ነው።

"መምህርት፣ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ያ በመጋላ ገበያ በኩል ያለው ረጅም ግንብ ባዶውን ያስጠላል። የአገሪቱን ካርታ እናሠራበት። ክልሎቹ በየቀለማቸው፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ምን ይመረታል፣ ሁሉም ይኑርበት። ልጆቹም ይማሩበታል።"

ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ከትንሽ መጽሐፍ ላይ "ይህን አያችሁ?" ስል ኖሬ፣ አሁን ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ አገር ሊኖረኝ ነው። ሠዓሊም እንደሚያስፈልገን ስነግረው "አንቺ ፈልጊ" አለኝ። እኔም ማንን እንደምጠራ አውቅ ነበር።

መጋላ ውስጥ፣ በአንድ የጨርቅ ነጋዴና በአንዲት ሳምቡሳ ጠባሽ መሀል፣ ከበሩ ስፋት የማይበልጥ ሱቅ ያለው የማስታወቂያ ጻፊ ነበር። የሰፈሩን ሱቆች ስም የጻፈው እሱ ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ ባለሱቁ ከፈለገ በዐረብኛም። "የድሬ ሱቅ እንደ ሕፃን አንዴ ብቻ ስም አይወጣለትም" ይል ነበር። ቀለም ከመያዙ በፊት ሃያ ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስኳር በሽታ ሲይዘውና ዓይኑ አልፎ አልፎ ሲደበዝዝበት መንዳቱን ተወ። ከተማችን አንቱታ ብዙም አታውቅም፤ በአባቴ ዕድሜ ቢሆንም አንተ ነበር የምለው። ግን አዴር ብዬ እጠራዋለሁ፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

"የት ድረስ ያለውን አገር?" አለኝ ስነግረው።

"ሁሉንም።"

"አቦ፣ ሁሉንማ እኔም አላዳረስኩትም" አለና ሳቀ። በማግስቱ ግን ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ፣ ሁለት ባልዲና መሰላል ይዞ መጣ።

ሥራውን እንዲህ ከፋፈልነው። እኔ የመጽሐፉን ካርታ በእርሳስ ካሬ በካሬ አደረግሁት። ግንቡንም በክር ለክቼ፣ በጠመኔ ካሬ አደረግሁት። ከዚያ ከየካሬው እያየሁ የውጭውን ድንበርና የክልሎቹን ወሰን በጠመኔ አሰመርኩ። እሱ ደግሞ ከኋላዬ እየተከተለ መስመሩን በጥቁር ቀለም ያጠብቃል፣ ውስጡን ይቀባል። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀት ሲዘጋ፣ የግቢው ጥላ ወደ ግንቡ ሲዞርልን እንሠራለን። ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከማስታውሳቸው የሥራ ቀኖች ሁሉ ጥሩዎቹ ነበሩ። አዴር የሚቀባው አገር እኔ ከማስተምረው ሌላ ነበር። እኔ "ይህ የስምጥ ሸለቆ ነው" ስል፣ እሱ "እዚህ ጋ ጎማ ይፈነዳል፤ ጠዋት ካልነዳሽ በቀር አትድፈሪው" ይላል። ሰሜኑን ተራራ ቡናማ ሲቀባ ፍሬኑ ነዶበት በሁለተኛ ማርሽ የወረደበትን ቁልቁለት ነገረኝ። ከታች አንድ ገበሬ ቤቱ ወስዶ አራት ቀን አስቀመጠው። እሱ የሰውዬውን ቋንቋ አያውቅ፣ ሰውዬው የእሱን አያውቅ። "አራት ቀን በእጃችን አወራን፤ አልተጣላንምም" አለኝ። ወደ ምዕራብ ስንዞር ቡናው፣ ስንወጣ ሰሊጡ፣ ወደ ደቡብ ስንወርድ ከብቱ፣ ሁሉም ለእሱ ጭነት ነበር፤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የት ኬላ እንዳለ፣ የቱ መንገድ አቧራው ፍሬውን እንደሚያበላሽ።

"ኢኮኖሚ የምትይው ቀላል ነው" አለኝ አንድ ቀን ከመሰላሉ ላይ ሆኖ። "የሚወጣው በጣት የሚቆጠር ነው። የሚገባው ሁሉም ነው። ጅቡቲ ሄጄ ምን ጭኜ እንደምመለስ ብነግርሽ ትደነግጫለሽ። ዘይት፣ ስንዴ፣ ብረት፣ ወረቀት። ይሄ ቀለምም ከዚያ ነው የመጣው።"

ግን ብሩሹ ቆሞ የሚቀርባቸው ቦታዎች ነበሩ። ጣቱን በአንዱ መንገድ ላይ ያሳርፍና "አሁን በዚህ ማን ይነዳል?" ይላል። ትንሽ ቆይቶ በሌላው ላይ "በዚህስ?" ይላል። ጓደኞቹ ከነመኪናቸው የተቃጠሉበትን መንገድ አሳየኝ። ታግተው በዘመዶቻቸው መዋጮ የተለቀቁበትንም አሳየኝ። አንዱ እስካሁን ደብዛው አልተገኘም። ሦስተኛው መንገድ ላይ ሲደርስ እጁን ከግንቡ አንሥቶ በሽርጡ ጠረገና "ቀባነው እንጂ አንሄድበትም" አለ።

ካርታው ላይ የእኛ ያልሆነውን ባሕር ሰማያዊ እንዲቀባው አልነገርኩትም ነበር። ራሱ ጀመረው፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ደራርቦ። ሲጨርስ ከጠባቡ ቦታ ላይ በብሩሹ ጀርባ ነካ አድርጎ "ልጄ እዚህ ጋ ነው" አለኝ። ታህሪብ ወጥቶ ነበር፤ በሕገ ወጥ መንገድ ባሕር የሚሻገረውን ጉዞ ድሬ ውስጥ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራዋል። ጀልባ ላይ ሊወጣ ሲል ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ አልመጣም። ባልዲውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ካሬ አለፈ።

ስሕተቱ የተሠራው በምሥራቅ በኩል፣ የእኛን ከተማ ስናልፍ ነው። አሁን ደጋግሜ ሳስበው ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ጠዋት ሦስት ክፍል አስተምሬአለሁ፤ አንዲት ተማሪዬ ሳትበላ መጥታ ሰሌዳ ፊት ወድቃብኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። ከሰዓት በኋላ መስመሩን ሳሰምር አንድ ካሬ ዘለልኩ። የሁለቱ ጎረቤት ክልሎች ወሰን በእኛ አጠገብ በአንድ ስንዝር ተጣመመ፤ በአንድ በኩል ገባ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሌላው በኩል ወጣ።

መጀመሪያ ያየው አዴር ነው።

"መምህርት፣ ነይ እስቲ። እዚህ ጋ መስመርሽ የተጣመመ ይመስለኛል። ይሄን አገር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። እንዲህ አይሄድም።"

መጽሐፉ ከእጄ ነበር። ገልጬ ማየት ነበረብኝ። ሙቀቱ አድክሞኝ ነበር፤ ወደ ቤት መሄድ ፈልጌአለሁ።

"ካርታው ላይ እንደዚያ ነው አዴር፤ ቀባው" አልኩት።

ቀባው።

እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ካርታው ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ሄዱ። አንደኛው እጄን ጨብጦ "እንዲህ ያለ መምህር ያብዛልን" አለኝ። አዴርን ያስተዋወቀው የለም፤ መሰላሉን ተደግፎ ከጥግ ቆሞ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶው በየስልኩ ዞረ። ማን እንዳወጣው አላውቅም። የተጣመመው ቦታ በቀይ ተከቦበታል። አንዱ ጽሑፍ መሬታችን ተቆርጦ ለጎረቤት ተሰጠ ይላል። ሌላው ጽሑፍ፣ ያንኑ ፎቶ ይዞ፣ የተቆረጠብን እኛ ነን ይላል። መስመሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ስለወጣ ለሁለቱም የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው። ከሥር የተጻፈውን ስድብ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ከተማችን ማን የማን እንደሆነች፣ ወንበሩ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ቀበሌው የማን እንደሚሆን ስትናቆር የኖረች ናት። ሰፈር ለሰፈር ድንጋይ የተወራወሩባቸውን ቀኖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እኔ ደግሞ ለዚያ ጠብ ማገዶ በጠመኔ ሥዬ ሰጠሁ።

ዓርብ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረምሶች የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። ሁለት መስኮት ተሰበረ። ርዕሰ መምህሩ ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ገና ጩኸቱ ሳይበርድ ግንቡን በኖራ አስለቀለቀው። ሁለት ሳምንት የሠራነው በአንድ ሰዓት ነጭ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንደኛው ደብተር ከፍቷል፤ ሌላው ፎቶውን በስልኩ እያየ ነበር።

"ይህን የሠራው ማነው?" አለ ባለስልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ብቻ ነበር የሚናገረው፤ እኔን እንዳታነካኪኝ ይላል።

"ሠዓሊ ነው" አልኩ።

"ብሔርሽ ምንድን ነው?" አለ ባለደብተሩ ቀና ሳይል።

"አባቴ ኦሮሞ ነበር። እናቴ ሐረሪ ናት።"

"የአባትሽን ነው የምጽፈው። ሠዓሊውስ ሶማሌ ነው?"

"የድሬ ልጅ ነው።"

"ሶማሌ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።"

"አዎ።"

ባለስልኩ ፎቶውን ወደ እኔ አዞረ። ጣቱን ከቀዩ ክብ ላይ አሳረፈ። "ይሄን ወሰን እንዲህ አድርጎ የሠራው እሱ ነው?"

ያችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ ተመልሼ ገብቼባታለሁ። ቤቴ ውስጥ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ አባታቸው ሞቷል፤ የሚያበላቸው የእኔ ደመወዝ ነው። እኔ ነኝ ካልኩ በደብተሩ ላይ የተጻፈው የአባቴ ብሔር ምን እንደሚሆን አሰብኩ፤ ማታውኑ በየስልኩ እንዴት እንደሚነበብ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። ለመናገርም ጊዜ ነበረኝ።

"እሱ ነው የቀባው" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ቀብቶታል። ባለደብተሩ ጻፈ። አስፈረሙኝ፤ ፈረምኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዴርን ከሱቁ ወሰዱት። ሳምቡሳ ጠባሿ እንደነገረችኝ አልተጯጯሁም፤ "ብሩሹን ልጠበው" ብሎ ጠየቃቸው፣ አልፈቀዱለትም።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ቤቴ መጣች። ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ግቢዬ በር ላይ ቆማ፣ ግቢ ብላት አልገባም አለች።

"ባሌ ስኳር አለበት። መድኃኒቱን አንድ ቀን ያስገቡልኛል፣ አንድ ቀን ይመልሱኛል። ምን አጠፋ ስላቸው ድንበር አጣመመ ይላሉ። እሱ ከራሱ አንድ መስመር አያወጣም፤ ካርታ አይቶ ነው የሚሠራ። ካርታውን የሰጠው ማነው?"

"የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ነው" አልኳት።

"እንግዲያውስ መጽሐፉን ስጪኝ። ወስጄ ላሳያቸው፤ ከዚህ ነው የገለበጠው ልበላቸው።"

መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ያ ገጽ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ያለ እንደሆነ አውቃለሁ። ይዛው ብትሄድ አስተያይተው፣ ትክክለኛውን እያየ ሆን ብሎ አጣመመ እንደሚሉ አውቃለሁ። አፌን ከፍቼ "አይ፣ ይሄን አትውሰጂ፤ ያሰመርኩት እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሄጄ አመጣሁላት። በሁለት እጇ ተቀብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። "አላህ ይስጥልኝ" አለችኝ።

የፈራሁት ሆነ። መጽሐፉን አስቀሩት፤ እሷን መለሷት። ከዚያ በኋላ መድኃኒትም ማስገባት ከለከሏት።

አዴር አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሶማሌውም ኦሮሞውም ሐረሪውም፣ ተሰባስበው ዋስ ሆነው አስወጡት። ሲወጣ ቀኝ እግሩ ላይ ቁስል ነበር። በነጠላ ጫማ ነው የወሰዱት፤ እዚያ አስወልቀውት ከስሚንቶው ላይ በባዶ እግሩ ሲመላለስ አንድ ነገር ቆርጦታል፤ ምን እንደቆረጠው ራሱም አልተሰማውም። ስኳር እግር ያደነዝዛል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። መጀመሪያ ጣቶቹን ቆረጡ። ከዚያ ከጉልበቱ በታች ቆረጡ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። ሆስፒታሉ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ከባጃጁ ሳልወርድ ተመልሻለሁ። ሱቁ ተዘጋ። ከሆስፒታል ሲወጣ ትልቋ ሴት ልጁ፣ ከድሬ ወጣ ብሎ ዋሂል የምትነግደው፣ ወደ እሷ ወሰደችው። ባለቤቱም አብራው ሄደች።

ወደ ዋሂል የሄድኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። የሄድኩበትን ቀን ቅዳሜ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሚኒባሱ ሽንኩርትና የጀሪካን ዘይት በያዙ ሴቶች ጢም ብሎ ነበር። የልጁ ሱቅ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ባትሪ። አዴር ከሱቁ ጀርባ በገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብሏል። ከስቷል። ሽርጡ በአንድ በኩል ባዶ ነው። ባለቤቱ ስታየኝ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

"መምህርት!" አለ፤ ለመቀመጥ ሞከረ። "ልጆችሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው አዴር።" ቁጭ ለማለት አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኩት። ካሬ የዘለልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሲጠይቁኝ ምን እንዳልኩ፣ መፈረሜን፣ መጽሐፉን። እያለቀስኩ አልነበረም፤ ማልቀስ ያንሰዋል ብዬ ራሴን ከልክዬ ነበር።

እስክጨርስ ሰማኝ።

"መስመሩ ያንቺ እንደሆነማ አውቃለሁ" አለ። "እኔ አይደለሁ እንዴ ተጣሟል ያልኩሽ?"

"ለምን አልነገርካቸውም?"

"መጀመሪያ ቀን ጠየቁኝ፤ ማን ሰጠህ አሉኝ። አሰብኩት። መምህርቷ ናት ብል አንቺን ይጨምራሉ እንጂ እኔን አይለቁኝም። ደግሞስ ውጭ ምን ይባላል? ሶማሌው በኦሮሞዋ ላይ ጠቆመ ይባላል። በዚያ ሰሞን ያን ቃል መንገድ ላይ ብትጥይው አንድ ሰፈር ይነድ ነበር። የሰው ቤት ከሚቃጠል ብዬ ዝም አልኩ።"

"አልተናደድክብኝም?"

ልጁ ከሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ሩዝ ስትመዝን ይሰማል።

"ወላሂ ተናድጃለሁ" አለ። "እግሬን ሊቆርጡ ሲያስገቡኝ ረግሜሻለሁ። አንቺንም፣ ርዕሰ መምህርሽንም፣ ያን ግንብም። ከዚያ ደከመኝ። አሁን አንድ እግር ይዤ ቂም ልሸከም? ዐውፍ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ተይው።"

ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩት። እጁን አወናጨፈ። "ለማን ብለሽ? እግሬ አይበቅል። አንቺ ልጆች አሉሽ።"

ይቅርታው እንደሚያቀልልኝ ተስፋ አድርጌ ነበር የሄድኩት። አላቀለለኝም። ሚኒባስ ውስጥ ስመለስ ጭራሽ ከብዶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ አዴር ታስሮበት ወደነበረው ጣቢያ ሄድኩ። ባለደብተሩን አላገኘሁትም፤ ተዛውሯል አሉኝ። ሌላ ወጣት ሰው ወንበር ሰጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰውየው በእኔ ጥፋት እንደታሰረ፣ መታረም ካለበት ነገር እንድታረም። በትዕግሥት ሰማኝ። መዝገብ አገላበጠ፤ ሌላ ክፍል ገብቶ ወጣ።

"በዚህ ጉዳይ የተከፈተ መዝገብ የለም" አለኝ።

"አሥራ አንድ ቀን ታስሯል እኮ።"

"ክስ የለም፤ የተጻፈም ነገር የለም። ምኑን ነው የምናርመው?"

"ፈርሜአለሁ። ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ።"

"ሴትዮ" አለኝ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። "ነገሩ በርዷል። አንቺ ደግሞ ቆስቁሰሽ አታስነሺው። ቤትሽ ሂጂ።"

ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ሰው ባጃጅ እየጠራ፣ ጫት እየገዛ፣ ከልጁ ጋር እየተጨቃጨቀ ያልፋል። አንድ ሰው እግሩን የተቆረጠበት ነገር በአገሪቱ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም። የመንግሥት አወቃቀር ብዬ የማስተምረው ሣጥን በሣጥን የተሳለ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ቀስት አለው። ያን ቀን ግን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ አንድም ቀስት አላገኘሁም።

አዴር ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አልሞላውም። የቀረው እግሩም ቆሰለ፤ ኩላሊቱም ተከተለ። በታህሪብ የሄደው ልጁ ድምፁ እስከ መጨረሻው አልተሰማም። ሞቱን የነገረችኝ ሳምቡሳ ጠባሿ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ አስቁማኝ።

ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ዋሂል ሄድኩ። ሴቶቹ ከሱቁ ጀርባ በተዘረጋ ሸራ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከመጋላም ብዙ ሰው መጥቶ ነበር፤ ስማቸውን በሱቃቸው ላይ የጻፈላቸው ሰዎች። ባለቤቱ ጥጉ ላይ ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላህ ይዘንለት አልኳት። ከዚያ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለእሱ የነገርኩትን ለእሷም ልነግራት ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "መጽሐፉን ስትሰጪኝ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ያን ጊዜ አዘነችልኝ ብዬ ነበር። ጣቢያው ውስጥ መጽሐፉን ገልጠው ሲያሳዩኝ ነው የገባኝ።"

"ይቅር—"

"እሱ ይቅር ብሎሻል፤ ነግሮኛል። ያ የእሱ ነው።" ልጇ ሻይ ይዛ መጣች፤ እሷ ራሷ ከትሪው አንሥታ ከፊቴ አስቀመጠችው። "እኔ አላልኩም። አልልም። ሻይሽን ጠጪና ሂጂ።"

ሻዩን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር፤ በፍጥነት መጠጣት አልቻልኩም፤ እስኪያልቅ ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ሄድኩ።

ባለቤቱ አሁን ከተማ ተመልሳለች። ቀፊራ ገበያ አንዳንዴ እንገናኛለን። ባየኋት ቁጥር አሰላሙ ዐለይኩም እላታለሁ። ሰላምታ መመለስ በእስልምና ግዴታ ነውና ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ትመልስልኛለች፤ ድምፅ ግን የለውም።